የጋሽ ዘርጋው ጆሮ

ዱባይ ተራ ባለችው ሱቄ ውስጥ አዲስ ካርቶን በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚወጣው ጫማው ሳይሆን የማስቲሹ ሽታ ነው። ከቻይና እስከ መርካቶ ታፍኖ የመጣ ስለሆነ ካርቶኑ ገና በምላጭ ሲቀደድ አፍንጫ ይዞ ወደ ኋላ ይገፋል። ደንበኛው ፊቱን ያጨማድዳል፣ አብራኝ የምትሠራው ሄለን በሹራቧ እጅጌ አፍንጫዋን ትይዛለች፣ እኔ ግን ሰው ሳያየኝ ትንሽ ጠጋ ብዬ አሸተዋለሁ። ሌላው ሰው ማስቲሽ ሲሸተው ጫማ ይታየዋል፤ እኔ የሚታየኝ ጺም ነው። የምን ጺም ትሉኝ ይሆናል፣ እመጣበታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እንዲሁ ካርቶን እየከፈትን ሳለ ሄለን እንደ ልማዷ አንድ ዓይኗን ስልኳ ላይ ጥላ ነበርና ድንገት ሳቀች። «እትዬ፣ ይሄን ሰውዬ ይዩልኝማ» ብላ ስልኩን አቀበለችኝ። የድሮ ፊልም ነው፣ ጥቁርና ነጭ፤ ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ አንድ ቁራጭ ቆርጠው ለቀውታል። ገበያ ነው፣ ሰው ይተራመሳል፤ ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ጺማም ሰውዬ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቀስ ብሎ ቀኝ እጁን አነሣና የጆሮውን ጫፍ ነካ። ወታደሮች ከኋላ መጡና ፊት ለፊቱ የቆመውን ጎልማሳ አንጠልጥለው ወሰዱት። ቁራጩ እዚያ ላይ ያልቅና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ሰውዬው እንደገና ጆሮውን ይነካል፣ ያኛውም እንደገና ይወሰዳል። ከሥሩ የሰው አስተያየት ተደርድሯል፤ «ባንዳ!» ይላል አንዱ፣ «ዘሩ አይባረክ» ይላል ሌላው፣ ሌላዋ ደግሞ የሳቅ ፊት ብቻ ደርድራለች። የማስቲሹ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ እንዳለ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው ጋሽ ዘርጋው ናቸው፤ እኔ ያደግሁት ከእሳቸው ቀጥሎ ባለው በር ነው።

ግቢያችን እዚሁ መርካቶ፣ ሰባተኛ ሠፈር ውስጥ ነበር፣ ዛሬ መስታወታም ሕንጻ የበቀለበት ቦታ ላይ። በአንድ ረጅም ቆርቆሮ ሥር የተደረደሩ የጭቃ ክፍሎች፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ ከአጠገብ ካለው ወፍጮ ቤት ቀኑን ሙሉ የሚመጣ የበርበሬ ብናኝ፤ እንግዳ ገና በሩን አልፎ ሲገባ ያስነጥሰው ስለነበር ማን እንደመጣ ሳናይ መምጣቱን እናውቅ ነበር። አባቴ ጆንያ ነጋዴ ነበር። ጋሽ ዘርጋው ደግሞ ከባለቤታቸው ከእትዬ ብዙነሽ ጋር የመግቢያዋን ክፍል ይዘው ይኖራሉ፤ ልጅ አልሰጣቸውም። የቲያትር ቤት ደመወዝተኛ ነበሩ፣ ፊልም የሚባለው ነገር አልፎ አልፎ በተሠራ ጊዜ ደግሞ ያለ እሳቸው አይሠራም።

ገና ሕፃን ሆነው እሳት ላይ ወድቀው ኖሮ ግራ ጉንጫቸው ተኮማትሮ ቀርቷል። «እኔን የቀጠረኝ ፊቴ ነው» ይሉ ነበር፣ እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ፊት ሙሽራ የሚያደርጋቸው አልተገኘም። ሽፍታ ሆነዋል፣ ገራፊ ሆነዋል፣ ወንድሙን ለርስት የሚገድል ባላባት ሆነዋል፣ አንድ የትንሣኤ ሰሞን ሰይጣንም ሆነው ያውቃሉ። ምንም ሆኑ ምን መጨረሻ ላይ ይሞታሉ። በጥይት ሞተዋል፣ በመርዝ ሞተዋል፣ ከገደል ተወርውረዋል፣ አንዴማ የሞቱት በበቅሎ ርግጫ ነው። ልምምዱ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ሁላችንም አሟሟታቸውን ቀድመን እናየዋለን፤ ደረታቸውን ይዘው ተንገዳግደው ቧንቧው አጠገብ ሲዘረሩ እትዬ ብዙነሽ ከልብስ ማጠቢያው ቀና ብላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሞቱን ምንጣፍ ላይ አድርገው፤ ልብስ አጥቤ እኔ ሞትኩልህ እኮ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ከሞቱበት ሆነው ይቅርታ ይጠይቃሉ።

ይህ ሁሉ ደም አፍሳሽ ግን ዶሮ ማረድ አይችልም። የበዓል ዋዜማ በመጣ ቁጥር ዶሮዋን ብብታቸው ሥር ይዘው እኛ በር ላይ ይቆማሉ፤ አባቴ ቢላውን እየሳለ፣ «ዘርጋው፣ ስንቱን ገድለህ አንዲት ዶሮ አቃተችህ?» ይላቸዋል። «እኔ የገደልኳቸው እኮ ተነሥተው ከእኔ ጋር ሻይ ይጠጣሉ» ይሉና ዶሮዋን አስረክበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ታርዳ እስክታልቅ ድረስ አይዞሩም። እናቴ ይህን እያየች ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

እንግዲህ እኛ ልጆቹ ከጋሽ ዘርጋው ጋር አንድ የማያልቅ ክርክር ነበረን። በሠፈራችን አማርኛ «አክተር» ማለት ፊልም የሚሠራ ሰው ሁሉ አይደለም። አክተር ማለት ጎበዙ ነው፣ ደግ ደጉን የሚሠራው፣ ልጅቱን የሚያገባው፤ የቀረው ሁሉ ወንበዴ ነው። ደግሞም አክተር አይሞትም። ይሄ ሕግ ነው፤ ሲኒማ ቤት በርካሹ ወንበር ተቀምጦ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፣ ጥይት እንደ በረዶ ቢወርድ «አይዞህ፣ አክተር አይሞትም» ተባብለን ቆሎአችንን እንበላለን። ስለዚህ ጋሽ ዘርጋው ኑሯቸው በፊልምና በቲያትር ይሁን እንጂ አክተር አልነበሩም። ይህንን ፊት ለፊት እንነግራቸዋለን። ደጃቸው ላይ ሰብስበው ያስቀምጡንና፣ «ልጆቼ፣ የሚሞተውም አክተር ነው፤ እኔ ባልሞት እሱ በምን ይጀግናል?» ብለው ያስረዱናል። እኛ እቴ! «ጋሼ፣ እርስዎ ይሞታሉ እኮ! አክተር አይሞትም!» ብለን በአንድ ድምፅ እንረታቸዋለን። ይስቃሉ። ግን እትዬ ብዙነሽ ለእናቴ እንደነገረቻት አንዳንድ ማታ ራታቸውን ትተው፣ «አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ሳልሞት የምጨርሰው ቢሰጡኝ ምን ነበረበት» ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ጺሙ ልምጣ። በዚያን ጊዜ ሰው ሠራሽ ጺም ፊት ላይ የሚለጠፍበት ደህና ማጣበቂያ ከውጭ ነበር የሚመጣው፤ ሲጠፋ ቲያትር ቤቱ ከጫማ ሰፊዎች ማስቲሽ ይገዛል። በማስቲሽ የተለጠፈ ጺም ደግሞ በጋዝ ታሽቶ፣ ቆዳ ተገሽልጦ ነው የሚነሣው። ጋሽ ዘርጋው አመሻሽ ላይ ሲመጡ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታሉ፣ እትዬ ብዙነሽ አገጫቸውን በቫዝሊን ታሽላቸዋለች። ከዚህ የተነሣ ከመንጋጭላቸው እስከ ቀኝ ጆሮአቸው ጫፍ የማይድን እከክ ወጣባቸው። ሲያስቡ፣ ሲደነግጡ፣ ፀሐይ ሲመታቸው እጃቸው ሳያውቁት ወደ ጆሮአቸው ይሄዳል።

በሄለን ስልክ ላይ ያየሁት ያ ፊልም ሲሠራ የጣሊያን ጊዜ ባንዳ፣ ጆሮ ጠቢ ሆነው ነበር። እንደነገሩን ከሆነ የፊልሙ አዘጋጅ ባንዳው አርበኛውን ለወታደሮች እንዴት እንደሚጠቁም ግራ ገብቶት ሲያስብ ጋሽ ዘርጋው ከጎኑ ቆመው ጆሮአቸውን ያካሉ። አዘጋጁ አያቸውና «እሱን! እሱን አድርገው!» አለ። በቃ፣ የማስቲሽ እከክ የባንዳ ምልክት ሆነች። ፊልሙ ሲወጣ ግቢው በሙሉ ታጥቦ ለብሶ ሲኒማ ቤት ሄደ። ጋሽ ዘርጋው ጆሮአቸውን በነኩ ቁጥር አዳራሹ ይረግማቸዋል፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴትዮ ጫማዋን አውልቃ ልትወረውር ስትል ባሏ ነው እጇን የያዘው። እሳቸው ከእኛ ጋር ጨለማው ውስጥ ተቀምጠው፣ «ከሰደቡኝ ሠርቻለሁ ማለት ነው» እያሉ ይፍለቀለቃሉ። በማግስቱ ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ «ለባንዳ አልሸጥም» አለቻቸው፣ አስቤዛው እስኪቀራቸው ድረስ የምሯን ነበር። እኛም ጨዋታ አገኘን፤ እጃቸው ወደ ጆሮአቸው ከፍ ሲል «ነካ! ነካ!» እያልን ግቢውን እየዞርን እንሸሻለን፣ እሳቸው ሆን ብለው ሌላውን ጆሮአቸውን ይነኩና ያስቁናል።

ጨዋታው ብዙ አልቆየም። ዘመኑ ተገለበጠ፤ መጀመሪያ ሰልፍና መፈክር ሆነ፣ ቀጥሎ ጥይት ሆነ፣ ቀጥሎ ጠዋት ውኃ ሊቀዳ የወጣ ሰው መንገድ ላይ ሬሳ ረግጦ የሚመለስበት ሆነ። ከእኛ ቀጥሎ ባለው በር እትዬ ወለላ የምትባል ባሏ የሞተባት ቅመም ነጋዴ ከአንድ ልጇ ከሰለሞን ጋር ትኖር ነበር። ሰለሞን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ የግቢውን ልጆች ሁሉ ሒሳብ የሚያስጠናን እሱ ነው፤ የተሳሳተ ልጅ አይቆነጥጥም፣ ይልቅ «እስኪ እኔ ተማሪ ልሁንና አንተ አስተምረኝ» ይላል። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ምን እንደሚያደርግ እኛ አናውቅም፣ እናቱም አታውቅም ወይም የማታውቅ መስላ ትኖራለች።

ቀኑ እሑድ ነበር፣ ጠራራ ፀሐይ። ልብስ ተሰጥቷል፣ ሴቶቹ ምስር ይለቅማሉ፣ ጋሽ ዘርጋው ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። ሦስት ወታደሮች በግቢው በር ገቡና ቆሙ። ግራና ቀኝ አዩ፣ አንዱ አስነጠሰው። እኛ ሁላችን ባለንበት ደረቅን። ያን ጊዜ የጋሽ ዘርጋው ቀኝ እጅ ተነሣና ጆሮአቸውን ነካ። እኔ አየሁ፣ እናቴ አየች፣ እትዬ ወለላ ከነሰፌዷ አየች። ወታደሮቹ ቀጥ ብለው ወደ እሷ በር ሄዱ። ሰለሞንን በአንድ እግሩ ነጠላ ጫማ፣ በአንዱ ባዶ እግሩን አወጡት፤ በጠባቡ መተላለፊያ ወደ አስፋልቱ፣ መኪናቸው ወደቆመበት ይዘውት ሄዱ። ከበሩ እንዳንወጣ ስለከለከሉን መኪናውን ያየ የለም።

እትዬ ወለላ አልጮኸችም። ልጇ ከዓይኗ ከተሰወረ በኋላ ወደ ጋሽ ዘርጋው ዞር ብላ፣ «ነካህ» አለቻቸው። «ጆሮህን ነካህ።» እስከዚያች ቀን ድረስ «አቶ ዘርጋው» እና «እርስዎ» ነበር የምትላቸው። በዚያች ሰዓት ደግሞ፣ ፈጣሪ ሲፈርድባቸው፣ ከድንጋጤያቸው ብዛት እጃቸው እንደገና ወደ ጆሮአቸው ሄደ።

ሰለሞን አልተመለሰም። ሬሳውም አልተሰጠም፤ በዚያ ጊዜ እንባም የተከለከለ ስለነበር እትዬ ወለላ ጥቁር ሳትለብስ ነው ያዘነችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግቢው ጋሽ ዘርጋውን «አንቱ» ማለት ተወ። አዋቂዎቹ «እሱ»፣ «ያ ጆሮ ጠቢ» ሲሉ እኛ ልጆቹም ተከተልን። ሰላምታ ቀረ፣ እሳት መጫር ቀረ፣ ቧንቧው ጋ እትዬ ብዙነሽ ስትመጣ ሌላው እንስራውን ይዞ ይነሣል። ሞኝነት ነው እላለሁ አሁን፣ ፊልም አይቶ ሰው ላይ መፍረድ፤ ግን ሞኝነት ብቻም አልነበረም። ወታደሩን መጥላት ያስገድላል፣ ጋሽ ዘርጋውን መጥላት ግን በነጻ ነው። ያ ሁሉ ንዴት አንድ መውረጃ ፈልጎ አገኘ።

አባቴ ብቻ ነበር የሚቀርባቸው፣ እሱም ሰው እያየ አይደለም። አንድ ከሰዓት በኋላ ጆንያ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ተቀምጠው እኔ ከጆንያው ክምር ጀርባ ተኝቼ ሳለ ሲያወሩ ሰማኋቸው። አባቴ «የሰው ወሬ ነው፣ ያልፋል» አላቸው። ጋሽ ዘርጋው ግን፣ «እኔን የያዘኝ የሰው ወሬ አይደለም» አሉ። «ወታደሮቹስ ፊልሙን አይተውት ቢሆን? እነሱም እኮ የዚህ አገር ልጆች ናቸው፣ ሲኒማ ይገባሉ። በሩ ላይ ቆመው ማንን እንደሚይዙ ሲያማትሩ እኔ ጆሮዬን ነካሁ። ወደ ልጁ በር የሄዱት በእኔ ምልክት ቢሆንስ?» እኔ ጆንያው ውስጥ ፊቴን ቀብሬ ቀረሁ፤ ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር ጋሽ ዘርጋው ንጹሕ መሆናቸውን ራሳቸውም አለማወቃቸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያ ጥያቄ በላቸው። ቀኝ እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አድርገው በላዩ ላይ መቀመጥ ጀመሩ፤ ሲሄዱ ኪሳቸው ውስጥ ይከቱታል፣ እከኩ ሲብስባቸው ዓይናቸው እንባ እያቀረረ አይነኩትም። ቲያትር ቤት ሄደው «ከእንግዲህ ወዲያ ክፉ ሰው አልሠራም» አሉ። ሳቁባቸው መሰለኝ፣ በዚያ ፊት ምን ሊሠሩ? የልብስ ዕቃ ቤት ጠባቂ አደረጓቸው፤ የንጉሡን ካባና የሽፍታውን ዝናር እያራገፉ ጡረታቸው ደረሰ። በዓል ሲመጣ ዶሮ መግዛትም ተዉ።

እትዬ ብዙነሽ የሞተችው በዚያው መሐል ነው። እድሩ ድንኳኑን ጣለ፣ ወንበሩን ደረደረ፣ ደንብ ነውና። ቅጣት ፈርቶ ቀብር የወጣው ሁሉ መቃብሩ ላይ ስሙ እስኪጠራ ጠብቆ ተበተነ። ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ ዘርጋው ብቻቸውን እጃቸው ላይ ተቀመጡ፤ አባቴ ገብቶ ከጎናቸው ሆነ፣ እናቴ ንፍሮ ቀቅላ በእኔ እጅ ሰደደች። ንፍሮውን ለማን እንደማዞር ጠፋኝ። ባዶ ወንበር በባዶ ወንበር ላይ ነው። ብዙ ለቅሶ ደርሻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ግን ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም።

ዓመታት ሄዱ፣ መንግሥት ወደቀ፣ እኔም አግብቼ ወጣሁ። አንድ ቀን በሑዳዴ ጾም አንድ ረጅም፣ የሚያነክስ ሰውዬ የእትዬ ወለላን ቤት እያጠያየቀ መጣ። ከሰለሞን ጋር አብሮ የታሰረ ነበር፣ እሱ ተርፎ ክፍለ ሀገር ሲያስተምር ኖሮ ነው። እናቴ እዚያው ነበረች፣ ቃል በቃል ሰምታዋለች። ወታደሮቹ የመጡት የሰለሞንን ስምና የበሩን ቁጥር ይዘው ነው። አስፋልቱ ላይ በቆመችው መኪና ውስጥ ፊቱን በጨርቅ የሸፈኑት ሰው ተቀምጦ ነበር፤ ሰለሞንን ሲያመጡት «እሱ ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሰለሞን በጫማው አወቀው፤ የክፍል ጓደኛው ነው፣ ጠቋሚውንም ገርፈው ገርፈው ነበር ያመጡት። «አልተቀየምኩትም» ብሎ ነበር ሰለሞን እስር ቤት ለዚህ ሰውዬ።

እትዬ ወለላ እናቴን በማርያም አስማለቻት። «ስሙን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ የምጠግነውም እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት አንዲት ቃል እንዳታወጪ።» ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ሌላ ነገ ወለደ። የጋሽ ዘርጋው መጋረጃ ድረስ ትሄድና ትመለሳለች፣ ጾሙ ይፈታ ትላለች፣ ጾሙ ሲፈታ ዳግማዊ ትንሣኤ ይለፍ ትላለች። አልፈርድባትም ልበል? እፈርድባታለሁ። ግን ያን ሁሉ ዓመት ልጇን የምታስታውሰው እሳቸውን በመጥላት ነበር፤ ያን ጥላቻ ከእጇ ስትለቅ ምን እንደሚቀራት ፈርታ ይመስለኛል። እናቴም መሐላዋን ጠበቀች፣ ጋሽ ዘርጋውም በዚያው መሐል ደም ግፊታቸው ጣላቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸው ተዘጋ። አባቴ ነገሩን የሰማው ከዚያ በኋላ ነው፤ እናቴን ስንት ቀን እንዳኮረፋት እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ከአባቴ ጋር አልጋቸው አጠገብ ሆኜ አጥሚት በማንኪያ እየሰጠኋቸው ሳለ መጋረጃው ተገለጠና እትዬ ወለላ ገባች። ከቧንቧው ሥር ድንጋይ አንሥታ በአንገቷ ተሸክማለች፣ ጎንበስ ብላ፣ እንደ ወጉ። አባቴ ሊያግዛት ሲነሣ በእጇ ከለከለችው። «አቶ ዘርጋው፣ ይማሩኝ» አለች። ያን ሁሉ ዘመን አንተ ያለቻቸው ሴት ወደ አንቱታው ተመለሰች። «ልጄን ያስወሰዱት እርስዎ አይደሉም። መኪናው ውስጥ ሌላ ሰው ነበር። ስሙንም በሩንም ይዘው ነው የመጡት፤ እርስዎን ያየ የለም፣ ጆሮዎንም ያየ የለም።»

ጋሽ ዘርጋው ጣራው ላይ እንዳፈጠጡ ቆዩ። የሰሙ አልመሰለኝም። ከዚያ ደህነኛው ግራ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣ፣ በደረታቸው ላይ ተሻገረና ቀኝ ጆሮአቸውን አገኘ። አከኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የስንት ዓመቱን፣ እስኪበቃቸው አከኩት። ፊታቸው በአንድ ወገን በጠባሳው፣ በሌላው በሕመሙ የተያዘ ስለነበር ሳቅ ይሁን ለቅሶ መለየት አልቻልኩም። እትዬ ወለላ ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀምጣ እዚያው ተንበርክካ አለቀሰች፤ ለሰለሞን ሰው ፊት ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ብዙም አልሰነበቱ። ቀብራቸው ላይ የወጣው ሰው ሌላ ነው፤ ወሬው ሠፈሩን አዳርሶ ስለነበር ለሚስታቸው ያልተቀመጠው ሁሉ ለእሳቸው ድንኳን ሙሉ ሆኖ አመሸ። ጥርሴን ነክሼ ነው ያየሁት። አባቴ የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ፣ የት እንደተወለዱ፣ ምን ምን እንደሠሩ። ሲጨርስ እትዬ ወለላ ሳትጠራ ተነሣች። «ማስቲሽ ነው ያሳከካቸው» አለች። «ሌላ ምንም አልነበሩም። አክተር ነበሩ።» ከዚያ መቀመጫዋን ፈልጋ ተቀመጠች።

ግቢው ፈረሰ፣ አባቴና እናቴ አለፉ፣ እትዬ ወለላም። ወፍጮ ቤቱ በነበረበት ዛሬ የስልክ ቀፎ ይሸጣል። ጋሽ ዘርጋው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዶሮዋ እስክትታረድ ሲጠብቁ ያነሣቸው ካሜራ የለም፣ ቧንቧው አጠገብ ሞተው ከሞት ውስጥ ሚስታቸውን ይቅርታ ሲጠይቁ የቀረጸ የለም። ያን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፣ እኔም እያረጀሁ ነው። ለዓለም የተረፈችው ያቺ የጆሮ ቁራጭ ነች፤ በየኪሱ ገብታ ትዞራለች፣ የማያውቃቸው ሁሉ ይረግማቸዋል።

«ምነው እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ ሄለን፣ ካርቶኑ ላይ እንደተቀመጥኩ። «ያውቁታል ሰውዬውን?»

«ጎረቤታችን ነበሩ» አልኳት። «አክተር ነበሩ።»

ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችና ራሷን ነቀነቀች። «አይ እትዬ፣ ተሳስተዋል። ሙሉውን አይቼዋለሁ እኮ፣ አክተሩ ያኛው ነው» አለችኝ። «ይሄኛውማ መጨረሻ ላይ ይሞታል።»

ቁራጩ እንደገና ጀመረ፤ ጋሽ ዘርጋው ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው እጃቸውን አነሡ።